አድብተው የሚጫወቱት ‹ቲፍ›፦ የሚባለውና እውነታው

‹ቲፍ፦ ዘ ዳርክ ፕሮጀክት› ሉኪንግ ግላስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ጋሬት የሚባል ሌባ ሆኖ በሌሊት ወደ ባለጸጎች ግቢ ሾልኮ ይገባል። እኔ የእግር ኳስና የመኪና እሽቅድምድም ሰው ነኝ፤ ይህ ጨዋታ ግን ልቤን ወስዶታል። ለሰው በመከርሁ ቁጥር የሚመለሱልኝ መልሶች ግን እነዚሁ ናቸው።

«ጥግ ይዞ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ይሰለቻል።»

እጅ ሥራ ቢፈታም ጆሮ አይፈታም። ምንጣፍና ሣር ኮቴን ይውጣሉ፤ የሸክላ ንጣፍና ብረት ያጋልጣሉ። ድምፅ ግድግዳ ሰብሮ አያልፍም፤ በበርና በኮሪደር ዞሮ ይመጣል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ይታፈናል። ስለዚህ አንዱ ጠባቂ እያፏጨ ሲመጣ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ስንት እርምጃ እንደቀረው፣ መቼ ፊቱን እንደሚያዞር በጆሮ ብቻ መገመት ይቻላል። አማራጭ ሲጠፋ ወለሉ ላይ እንደ ሣር የለሰለሰ አረንጓዴ ተክል የሚያነጥፍ ፍላጻ አለ፤ በላዩ ሲረግጡ ድምፅ አይሰማም። ቆሞ መጠበቅ የሚመስለው ይህ ሁሉ ስሌት ነው። ለዚህም ነው በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አትጫወቱት የምለው።

«ጨለማ ካለ ይበቃል።»

አይበቃም፤ ኮቴ እንዳለ ነው። ስክሪኑ ግርጌ ያለችው ዕንቁ ምን ያህል እንደምንታይ ትናገራለች። ችቦውን በውኃ ፍላጻ ማጥፋት ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ መብራት ግን አይጠፋም።

«አንዴ ከታየህ አለቀልህ።»

ጠባቂው መጀመሪያ ይጠራጠራል፣ ቀጥሎ ይፈልጋል፣ በዓይኑ ሲያረጋግጥ ነው ጎራዴ የሚመዘው። ካመለጡት ጥቂት ዞር ዞር ብሎ እያጉረመረመ ወደ ሥራው ይመለሳል። የእንጨት ጣሪያ ላይ የገመድ ፍላጻ ተክሎ መውጣትም አለ። ጨዋታውን በፈለጉበት ቦታ ማስቀመጥ ስለሚቻል ብዙዎች በታዩ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የጨዋታው ጣዕም ያለው ከታዩ በኋላ ባለው ሽሽት ነው።

«ከባዱ ደረጃ ጠላቱን ያበረታል እንጂ ሌላ አያመጣም።»

በ‹ኤክስፐርት› ደረጃ የሚለወጠው ሥራው ነው። የሚሰረቀው ይጨምራል፤ በአብዛኞቹ ተልእኮዎችም ሰው መግደል ክልክል ነው። በቆመጥ ከኋላ መትቶ ማስተኛት ግን ይፈቀዳል። ጎራዴ የለመደ ሰው እዚህ ላይ መላ ማበጀት ግድ ይለዋል።

«ስለ ሌባ ነው ብለኸኝ ሬሳ አጋጠመኝ።»

ይህኛው ቅሬታ ትክክል ነው። ገና በሁለተኛው ተልእኮ በሚንቀሳቀሱ ሬሳዎች የተሞላ የማዕድን ጉድጓድ ይመጣል፤ በጎራዴ ቢጥሏቸውም መልሰው ይነሳሉ፤ ብዙ ሰውም እዚያው ይተወዋል። ይህን የማይወድ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ እዚያ የሚበዙት ሰዎችና ማሽኖች ናቸው።