የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ዝርጋታና አያያዝ ደህንነት

የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ መረጃ የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቀጭን የመስታወት ክር (ፋይበር) ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን በመሆኑ፣ ከመዳብ ሽቦ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሰው አደጋ የሌለው አድርጎ ይቆጥረዋል። በእርግጥ የተገፈፈ ፋይበር የነካ ሰው ኤሌክትሪክ አይዘውም። ሆኖም ሥራው የራሱ አደጋዎች አሉት፤ የአብዛኞቹም የጋራ ጠባይ ለስሜት ሕዋሳት አለመገለጥ ነው። የመስታወቱ ስባሪ ለዓይን አይታይም፣ በፋይበሩ ውስጥ የሚያልፈው ጨረር ብርሃኑ አይታወቅም፣ በማንሆል (ገመዱ በሚያልፍበት የመሬት ውስጥ ጉድጓድ) ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝም ብዙ ጊዜ ሽታ የለውም። በዚህ ምክንያት የሙያው የጥንቃቄ ሥርዓት የተገነባው በሠራተኛው ንቃት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በመሣሪያ በሚደረግ ልኬትና በማይዘለል የሥራ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

በየዕለቱ የሚያጋጥመውና በጣም የሚናቀው አደጋ የመስታወት ስባሪ ነው። የመደበኛ ፋይበር መስታወት ውፍረት 125 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ የፕላስቲክ ልባሱ ሲጨመር 250 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ሁለት ፋይበሮችን ጫፍ ለጫፍ ለመቀጠል ሲፈለግ ልባሱ ይገፈፍና ጫፉ ክሊቨር በተባለው መቁረጫ ይቆረጣል፤ በዚህ ጊዜ የሚወድቀው ቁራጭ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጠንካራና ሹል መርፌ ነው። ቆዳ ውስጥ ከገባ የት እንዳለ ለማየት ያዳግታል፤ በጥፍር ይዘው ሊያወጡት ሲሞክሩ ደግሞ ውስጥ ይሰበራል። አንድ መገጣጠሚያ ሁለት ጫፍ ስላለው፣ 144 ፋይበር ያለውን ገመድ ሙሉ በሙሉ የሚቀጥል ሠራተኛ፣ አንድም ሳይበላሽበት ቢሠራ እንኳ፣ 288 እንዲህ ያሉ ቁራጮች በጠረጴዛው ላይ ይቀሩታል። ጠረጴዛው በጥቁር ምንጣፍ የሚሸፈነው ቁራጮቹ ጎልተው እንዲታዩ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደተቆረጠ በወረንጦ ተነሥቶ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ወይም የሚያጣብቅ ፕላስተር ላይ ይለጠፋል። በእጅ መጥረግም ሆነ በአፍ እፍ ማለት ስባሪውን ከጠረጴዛ ወደ ልብስና ወደ ዓይን ማዛወር ብቻ ነው። በሥራው ቦታ መብላትና መጠጣት የሚከለከለው፣ ከሥራ በኋላም እጅ ሳይታጠቡ ዓይንን መንካት የማይፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። ስባሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ዓይኑን በብዙ ውኃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የሌዘር ጨረር ነው። የሰው ዓይን የሚያየው የብርሃን ሞገድ በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ሲሆን፣ በመገናኛ መስመሮች በብዛት የሚሠራባቸው 850፣ 1310 እና 1550 ናኖሜትር ሁሉም ከዚህ ክልል ውጭ፣ ለዓይን በማይታየው የኢንፍራሬድ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ደማቅ ብርሃን ሲያጋጥመው የዓይን ቆብ በሩብ ሰከንድ ገደማ የሚዘጋበት ተፈጥሯዊ መከላከያ እዚህ አይሠራም፤ ዓይኑ የሚሸሸው ነገር አላየምና። ከ1400 ናኖሜትር በታች ያለው ጨረር በዓይን ሌንስ አልፎ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ ይከማቻል። ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው በኮርኒያው (በዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚፈቀደው የኃይል መጠን ከፍ ይላል እንጂ ጉዳት አልባ ነው ማለት አይደለም።

ስጋቱን ማጋነንም አያስፈልግም። ጨረሩ ከፋይበሩ ጫፍ ሲወጣ እንደ ሾጣጣ ስለሚበተን፣ ራቅ ብሎ በቆመ ሰው ላይ የሚያሳድረው ኃይል በፍጥነት ይቀንሳል። አደጋው የሚበረታው ጨረሩን መልሶ የሚሰበስብ መሣሪያ በመሃል ሲገባ ነው። የኮኔክተርን (በፋይበሩ ጫፍ ያለውን ማገናኛ) ንጽሕና ለማየት በቀጥታ በዓይን የሚታይበት የእጅ ማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ካለ መስመር ጋር ሲገናኝ፣ የተበተነውን ጨረር አሰባስቦ ወደ ዓይን ይልከዋል። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ምስሉን በስክሪን የሚያሳይ ካሜራ ያለው መሣሪያ እያለ የቀጥታ ማይክሮስኮፕን በሥራ ሣጥን ውስጥ ማቆየት ምክንያት የለውም። በስልክ ካሜራ ጨረር መኖሩን የመፈተሽ ልማድም አሳሳች ነው። የስልክ ካሜራ 850 ናኖሜትርን ሊያሳይ ይችላል፤ የሲሊኮን ዳሳሽ ግን 1310 እና 1550 ናኖሜትርን አያይም፤ ስለዚህ ስክሪኑ ጨለማ መሆኑ መስመሩ ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ ማንኛውንም ፋይበር ጨረር እንዳለው መቁጠር፣ የሌዘሩን ምንጭ ማጥፋትና የብርሃን ኃይል በሚለካው ኦፕቲካል ፓወር ሜትር ማረጋገጥ ነው። የሌዘር ምርቶች የአደጋ መደቦች በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) 60825-1 ደረጃ፣ የፋይበር መገናኛ ሥርዓቶች ደግሞ በዚሁ ደረጃ ክፍል 2 ተደንግገዋል። በረጅም ርቀት መስመሮች ላይ የሚተከሉ፣ የተዳከመውን ብርሃን የሚያጠነክሩ የራማን ማጉያዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊዋት ስለሚልኩ፣ መስመሩ ሲቆረጥ ኃይሉ በራሱ እንዲቀንስ ወይም እንዲጠፋ ይደረጋል።

ለጽዳት የሚውለው አይሶፕሮፒል አልኮል በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ያወጣል። ፋይበር የሚቀጥለው ፊውዥን ስፕላይሰር ደግሞ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ቅስት መስታወቱን አቅልጦ ያጣምራል። ሁለቱን በተዘጋ ድንኳን ወይም ተሽከርካሪ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ እሳት መጋበዝ ነው፤ አየር እንዲንሸራሸር ማድረግና የአልኮሉን ጠርሙስ ከድኖ ማራቅ ይገባል።

ገመዱን በመሳብ ጊዜ ጭነቱ የሚያርፈው በፋይበሩ ላይ ሳይሆን አራሚድ በተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ወይም በመሃል ባለው ዘንግ ላይ መሆን አለበት። በተለመደው መመሪያ መሠረት ገመዱ በሚሳብበት ጊዜ የሚታጠፍበት ራዲየስ ከውፍረቱ 20 እጥፍ፣ ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ 10 እጥፍ ማነስ የለበትም። የመሃሉ ዘንግ ሲቆረጥ እንደ ስፕሪንግ ተወርውሮ ፊት ሊመታ ስለሚችል፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ከዚህም ይጠብቃል።

ወደ ማንሆል መግባት ከሁሉም ይልቅ ሕይወት የሚቀጥፍ የሥራው ክፍል ነው። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ማንም ሳይገባ የኦክሲጅን መጠን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጋዝ መለኪያ ይፈተሻሉ፤ ከ19.5 በመቶ በታች የሆነ ኦክሲጅን እጥረት ተብሎ ይመዘገባል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ሕዋስን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የሚደፋፈር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በላይ የሚቆም ጠባቂ ግዴታ ሲሆን፣ ጓደኛው ሲወድቅ ተከትሎ መግባት ሳይሆን እርዳታ መጥራትና በተዘጋጀው ገመድ ከውጭ ሆኖ መሳብ ይጠበቅበታል። ያለ መከላከያ ዘሎ የሚገባ አዳኝ ሁለተኛ ተጎጂ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ኤሌክትሪክም ከሥራው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ብዙ የውጭ ገመዶች የብረት ጋሻ ወይም ተሸካሚ ሽቦ ስላላቸው በአግባቡ ከመሬት ጋር መያያዝ አለባቸው፤ ብረት የሌለው ገመድም ቢሆን በእርጥበትና በቆሻሻ ሲሸፈን ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር አጠገብ እንደ ደህና ሊታመን አይችልም።

ሥራው ሲያልቅ ክፍት የቀሩት ኮኔክተሮች በክዳናቸው ይሸፈናሉ፤ የስባሪው ዕቃ በፕላስተር ይታሸግና የመስታወት ስባሪ መሆኑ ይጻፍበታል፤ ቆሻሻ የሚያነሣው ሰው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጥቁር ምንጣፍ አላየምና።