የራስን ታሪክ የሚተርክ አዲስ ዓይነት ፊልም ለምን ልብ አይነካም? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ምሳሌ እንያዝ። ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ይመለሳል፤ የተኳረፋቸው አባቱ ሞተዋል። ፊልሙ ጊዜን ያገላብጣል፤ ሟቹም በር ከፍተው ይገባሉ። ተመልካች አሠራሩን አድንቆ ይወጣል፤ ሆዱ ግን አልባባም። ይህን ያህል ተለፍቶበት እንዲህ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ሊታረም ግን ይችላል።

«በእውነት የደረሰ ስለሆነ ይነካል»

የሚነካው ሠሪውን ነው። የአባቱን በርኖስ ሲያይ የሚመጣበት ትዝታ ተመልካች ጋ የለም። በርኖሱ መጨረሻ ላይ ባዶውን ተሰቅሎ እንዲያስለቅስ አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ፦ አንዴ አባት በውርጭ ሌሊት ልጃቸውን ሲያለብሱት፣ አንዴ ልጁ ተቆጥቶ አውልቆ ሲመልስላቸው። በሦስተኛው ንግግር አያስፈልግም።

«ጊዜን ማዘበራረቁ ነው ያራቀን»

አይደለም። ያራቀን የልጁን ፍላጎት ሳናውቅ መዘበራረቁ ነው። ለማያውቃችሁ ሰው የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ አሳዩትና «ልጁ ምን ፈለገ?» በሉት። መልስ ካጣ ቅንብሩን (ኤዲቲንጉን) ከመጀመሪያው እንደገና ሥሩት።

«ተዋናዩ ካለቀሰ ተመልካች ያለቅሳል»

ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አቀናጀው፤ ተመልካቾች ረሃብና ሐዘን አነበቡበት ይባላል። ስለዚህ ተዋናዩ እንባውን ይዋጥ፤ ካሜራው ደግሞ የሚያዳምጠው ሰው ፊት ላይ ይቆይ። ብዙ ጀማሪ አቀናባሪ ንግግሩ እንዳበቃ ይቆርጣል፤ ቃሉ ፊት ላይ የሚያርፈው ግን ከዚያ በኋላ ስለሆነ 4 ወይም 5 ሰከንድ ጨምሩ።

«የጓሳ መልክዓ ምድር ስሜቱን ይሸከማል»

ጓሳ፣ የመንዝ ሣራማ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ውበቱ አያጠያይቅም። ነገር ግን ድሮኑ ከፍ ሲል ሰውየው ነጥብ ያክላል። ነፋሱ ደግሞ ድምፁን ይበላዋል፤ ብዙዎች ንግግሩን በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ሲቀዱት ትንፋሹና የጉሮሮው መታነቅ አብሮ ይጠፋል። ማይኩን ጸጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሱት። ደረት ላይ የሚሰካው ማይክ ጋቢ ሥር ከሆነ ጨርቁ እንዳይፈትገው በሁለቱም ጎን በፕላስተር ያዙት። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ ጉርምርምታውን ይቀንሳል፤ ከመጠን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይመለስም። በየቀረጻ ቦታው ሁሉም ዝም ብሎ 30 ሰከንድ የቦታውን ድምፅ ቅዱ፤ ለቅንብር ይጠቅማል።

«ማሲንቆ ይጨመርበት»

መጀመሪያ ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ እዩት። እንዲሁ ካልያዛችሁ ማሲንቆው አልቅሱ የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ከያዛችሁ ደግሞ ዘግይቶ፣ ካሜራው ከአባትየው ፊት ከተነሳ በኋላ ይግባ።