«ፉል ኦፕሽን» ማለት ፎር ዊል ማለት አይደለም

እዚህ ድሬ ያገለገለ ቶዮታ ራቭ4 የሚፈልጉ ወዳጆቼን ደጋግሞ የሚያምታታ ነገር አለ። ኋላው ላይ «ሊሚትድ» የሚል ጽሑፍ ካዩ፣ «ፉል ኦፕሽን» (ዕቃው የተሟላ) ነው ብለው ትልቅ ሞተርና ፎር ዊል (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) ያለው ይመስላቸዋል። አይደለም። ጽሑፉ የሚናገረው በዋናነት ከፋብሪካ ስለተገጠመለት ዕቃ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን እንይ። ኤልኢ (LE)፣ ኤክስኤልኢ (XLE) እና ሊሚትድ የሚባሉት ደረጃዎች ሞተራቸው አንድ ነው፤ 2.5 ሊትር። ሦስቱም በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳም፣ ፎር ዊልም አላቸው። ኤልኢ የብረት ቸርኬ ይዞ ይመጣል። ኤክስኤልኢ የአሉሚኒየም ቸርኬና የሚከፈት ጣሪያ ይጨምራል። ሊሚትድ ቸርኬው 18 ኢንች ነው፤ ሞተሩም ቁልፍ በማዞር ሳይሆን በተን በመጫን ይነሳል።

ይህ ለአሜሪካው ነው። ለዓረብ አገር የተሠራው ፊደሉም ዕቃውም ይለያል። ደግሞ ቸርኬም ሆነ ጽሑፍ በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ በሻንሲ ቁጥሩ አጣሩ።

የደንገጎን ዳገት እየወጣችሁ ሐረር የምትመላለሱ፣ ፎር ዊል ካስፈለጋችሁ ጽሑፉን ተዉትና ከሥር እዩ። በእነዚህ ሞዴሎች ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ዘንግ ከሌለ ፎር ዊል አይደለም። እኔ ግን ለድሬ ሙቀት ኤሲው በደንብ የሚያቀዘቅዝ ኤልኢ ባገኝ፣ ከተጎሳቆለ ሊሚትድ እሱን እመርጣለሁ።