የኦፕሬተር መግቢያ ማስጠንቀቂያ በቻት ሰርቨር ላይ

ቻት ሰርቨርን የሚቆጣጠረው ሰው፣ ኦፕሬተሩ፣ ትልቅ ሥልጣን አለው። ሰው ያስወጣል፣ የኔትወርክ (አይፒ) አድራሻ ያግዳል፣ ፈቃዱ ከተሰጠው ሰርቨሩን ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ኦፕሬተር ሆኜ ልግባ ብሎ የይለፍ ቃሉን ሲስት ሰርቨሩ ዝም ማለት የለበትም። የኦፕሬተር መግቢያ ማስጠንቀቂያ የሚባለው ያኔ የሚላከው መልዕክት ነው።

ባሕር ዳር የተማሪ ከተማ ናት። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ እስከ ፖሊ ግቢ ኮምፒውተር መነካካት የሚወድ ወጣት ሞልቷል። ቻት ሰርቨር ደግሞ ለመማሪያ ይመቻል። በመማሪያ ክፍሉ ኔትወርክ ላይ ከተተከለ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። እኔና ጓደኞቼም ከጣና ዳር ብዙም ሳንርቅ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድ አቁመን ነበር።

የተጠቀምነው አይአርሲ (IRC) የሚባለውን የጽሑፍ ቻት ሥርዓት ነው። ፊንላንዳዊው ያርኮ ኦይካሪነን በ1988 እ.ኤ.አ. በኦሉ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሠራው ነው። ደንቡ በ1993 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ወጣ። በደንቡ መሠረት ኦፕሬተር መሆን የሚፈልግ ሰው «ኦፐር» የሚለውን ትዕዛዝ ከስምና ከይለፍ ቃል ጋር ይልካል። ከተሳካለት ሰርቨሩ በቁጥር 381 ይመልስለታል። የይለፍ ቃሉ ካልገጠመ 464፣ የመጣበት አድራሻ ካልተፈቀደለት 491 ይለዋል። እነዚህን መልሶች የሚያያቸው ግን ሞካሪው ብቻ ነው። ለሌሎች መንገሩ ለየሰርቨር ፕሮግራሙ የተተወ ጉዳይ ነው።

ማስጠንቀቂያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለሞካሪው የሚሄድ ነው። አንሪል አይአርሲዲ (ባጭሩ አንሪል) በሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ኮንፊግ ፋይል፣ ማለትም ቅንብሮቹ በሚጻፉበት ፋይል ውስጥ፣ «ሴት» በሚለው ክፍል «ኦፕሽንስ» ሥር፣ «ፌይል-ኦፐር-ዋርን» የሚል ቃል ይጨመራል። ከዚያ በኋላ የተሳሳተ ሰው ሙከራው እንደተመዘገበ ይነገረዋል። ሌላው በሥራ ላይ ላሉት ኦፕሬተሮች የሚሄድ ነው። ሀይብሪድ በሚባለው ሰርቨር ላይ «ፌይልድ ኦፐር ኖቲስ» የሚለው ቅንብር «የስ» ሲባል ይበራል። ለውጡን ለማስነሳት ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም። ኮንፊግ ፋይሉን እንደገና የሚያስነብበው «ሪሀሽ» የሚለው ትዕዛዝ ይበቃል፤ ከቻቱ የሚወጣ ሰውም የለም።

እኔ ሁለቱም ይብሩ ባይ ነኝ። አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ግን ለኦፕሬተሮቹ የሚሄደውን እመርጣለሁ። ሆን ብሎ የመጣ ሰው «ተመዝግበሃል» ስላሉት አይመለስም። ነቅቶ የሚያይ ኦፕሬተር ግን ወዲያው ሊያግደው ይችላል። ሌሊት ማንም ኦፕሬተር ላይኖር ስለሚችል ሙከራው በሎግ ፋይል (በሰርቨሩ መዝገብ) ላይም ይጻፍ። ጠዋት የሚነበበው እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሌባ መጣ ማለት አይደለም። አንድ ጠዋት አራት ማስጠንቀቂያ ተከታትሎ መጣና ክው አልን። ለካ የራሳችን ልጅ ነው፤ ካፕስ ሎኩ በርቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማገድ በፊት ደውሎ መጠየቅን ልማድ አደረግን።

የአይፒ አድራሻ ነገርም ያሳስታል። አንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ የተቀመጡ ሰዎች በሙሉ ውጭ ላለ ሰርቨር በአንድ አድራሻ ይታያሉ። አንዱ ባጠፋ አድራሻው ቢታገድ ሁሉም አብረው ይወጣሉ። የሞባይል ዳታ አድራሻ ደግሞ ይቀያየራል። ኦፕሬተርን በአድራሻ ብቻ የፈቀደ ሰርቨር ትናንት ያስገባውን ሰው ዛሬ በ491 ይመልሰዋል። እዚህ ላይ በአንሪል የሰርተፍኬት አሻራን፣ ማለትም በመሣሪያው ላይ የተቀመጠ ዲጂታል መታወቂያን መለያ፣ መጠቀም ይሻላል። አሻራው ከስልኩ ወይም ከላፕቶፑ ጋር ስለሚሄድ አድራሻው ቢቀየርም ችግር የለም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ የማያስነሳው ስህተት ነው። የኦፐር ትዕዛዝ ሲጻፍ የሚጀምረው በእዝባር (/) ነው። ከእዝባሩ በፊት አንድ ክፍት ቦታ ከገባ፣ ብዙ የቻት ፕሮግራሞች ትዕዛዝ መሆኑን ትተው እንደ ተራ ወሬ ይልኩታል። ስሙም የይለፍ ቃሉም በቻት ክፍሉ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ይታያል። ሰርቨሩ የተሳሳተ ሙከራ ስላላየ ለማንም አይናገርም። ይህ የደረሰበት ሰው ሳያፍር ለጓደኞቹ ይንገር፤ የይለፍ ቃሉም እዚያው በዚያው ይቀየር።