አራቪንድ፦ ድሃውን በነፃ እያከመ ያልከሰረው የዓይን ሆስፒታል

አራቪንድ በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በማዱራይ ከተማ የተመሠረተ የዓይን ሕክምና ድርጅት ነው። ሥራ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. በ11 አልጋ ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ የዓይን ቀዶ ሕክምና ከሚሠሩ ተቋማት ግንባር ቀደም ነው። ሌዘሩም ተቆጥሮ በዓመት የሚሠራው ሕክምና ከ400 ሺህ በላይ ነው። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ የሚታከሙት በነፃ ወይም ወጪውን በማይሸፍን ትንሽ ክፍያ ነው። እንዲያም ሆኖ ድርጅቱ አይከስርም። ከሚተርፈው ገንዘብ አዳዲስ ሆስፒታሎች ሠርቷል።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" ብሎ ነው። ብዙ ሰው ጀርባው ላይ አንድ ሀብታም ለጋሽ ያለ ይመስለዋል። ለጋሾች በተለያየ ጊዜ ረድተውታል፣ መንግሥትም ለአንዳንድ የነፃ ሕክምናዎች ድጎማ ይሰጣል። ድርጅቱን በእግሩ ያቆመው ግን ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ያለው የሥራ አደረጃጀት ነው። እኔ ስለ ጤና አመራር ሲወራ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አራቪንድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶክተር ቪ

መሥራቹ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው "ዶክተር ቪ" እያለ ነበር። በ1918 በታሚል ናዱ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ዘመዶቻቸው በወሊድ ሲሞቱ ስላዩ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም መሆን ተመኙ። በ1944 ማድራስ ከሚገኘው ስታንሊ ሜዲካል ኮሌጅ ተመርቀው በሕንድ ጦር ውስጥ በሐኪምነት ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ከባድ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያዛቸው። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ዋሉ። ጣቶቻቸው ተጣመው ቀሩ። በ1948 ከሠራዊቱ በሕመም ተሰናበቱ።

በዚያ እጅ ማዋለድ የማይታሰብ ነበር። ወደ ዓይን ሕክምና ዞሩና ለጣቶቻቸው የሚመቹ መሣሪያዎች አሠሩ። ቢላ አያያዝንም እንደ አዲስ ተማሩ። በእነዚያ ጣቶች በሕይወት ዘመናቸው ከ100 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምና ሠርተዋል። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ለብዙ ዓመታት ማዱራይ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታልና በሕክምና ኮሌጁ የዓይን ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በየገጠሩ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ያካሂዱ ነበር። በ58 ዓመታቸው በሕግ ጡረታ ወጡ። አራቪንድን የከፈቱት በዚያው ዓመት ነው። ስሙን ያገኘው ዶክተሩ ይከተሏቸው ከነበሩት ከመንፈሳዊ አስተማሪው ከስሪ ኦሮቢንዶ ነው። ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ቤታቸውን አስያዙ፣ ቤተሰቡም ጌጣ ጌጡን አስይዞ ተበደረ። ሐኪም የሆኑት እህታቸው ዶክተር ናቺያርና ባለቤታቸው ዶክተር ናምፔሩማልሳሚ አብረዋቸው ገቡ። ወንድማቸው ስሪኒቫሳን ደግሞ ግንባታውንና ሒሳቡን ያዙ።

ሁለት አልጋ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ

የአራቪንድ ዋና ሥራ የዓይን ሞራ ግርዶሽን ማከም ነው። የዓይን ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ደፍርሶ ብርሃን አላሳልፍ ሲል ነው። የሚያድነው ጠብታ የለም። መድኃኒቱ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ኦፕራሲዮኑ አጭር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል። ከታካሚ ታካሚ እምብዛም አይለያይም። ኦፕራሲዮን ከተሠራ ሊድን የሚችል ዕውርነት ነው፤ የዶክተር ቪ እልህም የመጣው ከዚህ ነበር።

አሜሪካ ሄደው ሳለ ማክዶናልድ የተባለው የፈጣን ምግብ ቤት ትኩረታቸውን ሳበው። የትም ከተማ ቢኬድ ያው ምግብ በያው ጥራት ይቀርባል። የሚያዘጋጁት ደግሞ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው። ሥራው በደረጃ ተከፋፍሏል፣ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን አጥብቆ ያውቃል። ዶክተሩ የዓይን ሕክምናም በዚህ መንገድ ሊዳረስ እንደሚችል አመኑ።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ በዚህ ሐሳብ ተዘጋጀ። አንድ ሐኪም ሁለት አልጋ ይይዛል። አንዱ ላይ ሲሠራ ሌላው ላይ ቀጣዩ ታካሚ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዓይኑ ታጥቧል፣ ተሸፍኗል፣ መሣሪያው ተቀምጧል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን እንደጨረሰ ማይክሮስኮፑን ወደ ሁለተኛው ያዞርና ይቀጥላል። ታካሚ ማንሳት፣ ዓይን ማሸግ፣ ካርድ መሙላት የእሱ ሥራ አይደለም። በዚህ አሠራር አንድ የአራቪንድ ሐኪም በዓመት 2,000 ያህል ኦፕራሲዮን ይሠራል። ይህ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የቀረውን ሥራ የሚሸከሙት ከገጠር የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ይገባሉ። ሁለት ዓመት ይሠለጥናሉ፣ በሥልጠናው ጊዜም ይከፈላቸዋል። የዓይን ግፊት የሚለኩት፣ የመነጽር ቁጥር የሚያወጡት፣ ለኦፕራሲዮን የሚያዘጋጁት፣ ታካሚን የሚያማክሩት እነሱ ናቸው። ከድርጅቱ ሠራተኞች አብዛኞቹም እነሱ ናቸው። ስለ አራቪንድ ሲጻፍ ሐኪሞቹ ይወደሳሉ። ለእኔ ግን ቤቱን ቤት ያደረጉት እነዚህ ልጆች ናቸው።

የገንዘቡም ምስጢር እዚሁ ነው። የሆስፒታል ትልቁ ወጪ ሕንፃው፣ መሣሪያውና የስፔሻሊስቱ ደመወዝ ነው። ሐኪሙ በቀን 5 ሰው ቢያክምም 40 ቢያክምም ይህ ወጪ ብዙም አይለዋወጥም። ታካሚ ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በነፃ የሚታከመው ሰው ሐኪሙን ሥራ አያስፈታውም፣ እጁንም ያፍታታዋል። ስለዚህ ለአራቪንድ ድሃው ታካሚ ሸክም ሆኖ አያውቅም።

ማን ይከፍላል?

ታካሚው ራሱ ይመርጣል። በከፊል ወይም በሙሉ ከፍሎ የሚታከምበት ክፍል አለ፣ የነፃው ክፍልም አለ። ማንም የድህነት ማስረጃ አይጠይቅም። በእኛ አገር በነፃ ለመታከም ከቀበሌ ደብዳቤ ለማጻፍ የተመላለሰ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ደብዳቤው የሚፈጀው ቀን አለ፣ የሚያስከትለውም ሐፍረት አለ። አራቪንድ ይህን በር ጭራሽ አላቆመውም። ከፍሎ መታከም የሚችል ሰው በነፃው ቢገባ እንኳ ማጣራቱ ከሚያስወጣው ወጪ አይብስም።

የሚለያየው ምቾቱ ነው። የከፈለ የራሱ ክፍልና አልጋ ያገኛል፤ ውድ የሆነውን የሌንስ ዓይነትም መምረጥ ይችላል። በነፃው በኩል ብዙ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ሐኪሞቹ ግን በሁለቱም በኩል እየተዟዟሩ ይሠራሉ። ከባለጸጋው ዓይን ላይ የተነሳ እጅ በማግስቱ የቀን ሠራተኛውን ያክማል።

"ነፃ ነው" ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ድርጅቱ የተማረው ቀስ በቀስ ነው። በዘመቻ ተመርምረው ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋቸው የተነገራቸው ብዙ ሰዎች ሳይመጡ ይቀሩ ነበር። የአውቶቡስ ገንዘብ የላቸውም። አብሯቸው የሚመጣ ሰው የቀን ሥራው ይቀርበታል። ከተማ ገብተው የሚበሉት የለም። ስለዚህ አራቪንድ አውቶቡስ መላክ፣ ማብላትና መልሶ ማድረስ ጀመረ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር መጉደሉ ነው ብዙ በጎ ፕሮጀክት የሚያፈርሰው።

ሌንሱን ራሳቸው ሠሩት

በ1980ዎቹ ሰው ሠራሽ ሌንስ በሀብታም አገሮች የተለመደ ሆነ። ዋጋው ግን 100 ዶላር ገደማ ነበር። ድሃው ታካሚ ሞራው ይወጣለትና ወፍራም መነጽር ይሰጠው ነበር። መነጽሩ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ወደ ነበረበት ጨለማ ይመለሳል። አንድ ሆስፒታል ለከፋይ ሌንስ፣ ለድሃ መነጽር እየሰጠ እኩል አክማለሁ ማለት አይችልም።

በ1992 አራቪንድ አውሮላብ የተባለ ፋብሪካ ማዱራይ ውስጥ ከፈተ። ሴቫ የተባለው ድርጅትና አሜሪካዊው ዴቪድ ግሪን ቴክኖሎጂውን በማምጣቱ ረዱ። ሌንስን በጥራት በሕንድ መሥራት አይቻልም ያሉ ነበሩ። አውሮላብ በ10 ዶላር ገደማ ጀምሮ በኋላ ወደ ጥቂት ዶላር አወረደው። ዛሬ ሌንሱ ከ100 በላይ አገሮች ይላካል። ፋብሪካው የስፌት ክርና የዓይን መድኃኒትም ይሠራል።

ፍጥነትና ጥራት

እንዲህ የሚፈጥን ሥራ ጥራት ይጎድለዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከዓይን ኦፕራሲዮን በኋላ እጅግ የሚፈራው ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ነው። በ2017 ከ600 ሺህ በላይ የአራቪንድ ኦፕራሲዮኖችን የመረመረ ጥናት ታትሟል። በኦፕራሲዮኑ መጨረሻ ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ዓይን ውስጥ መጨመር ከተጀመረ በኋላ ኢንፌክሽኑ ከ0.07 በመቶ ወደ 0.02 በመቶ ወርዷል። ይህን ያህል ታካሚ ያለው ሆስፒታል መዝገቡን በደንብ ከያዘ፣ ሌላው በብዙ ዓመት የማያገኘውን ማስረጃ ቶሎ ያገኛል።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት የአካባቢ ብክለትን ለካ። በእንግሊዝ አንድ የሞራ ኦፕራሲዮን 130 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ሲያስወጣ በአራቪንድ 6 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ምክንያቱ ሌላ ቦታ አንዴ ተሠርቶባቸው የሚጣሉ ዕቃዎች እዚህ በጥንቃቄ ጸድተው ደግመው ማገልገላቸው ነው።

ከዘመቻ ወደ ቋሚ ጣቢያ

ዘመቻ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይመጣል፣ ዓይን ግን ቀጠሮ ጠብቆ አይታመምም። ዘመቻዎቹ ሕክምና ከሚያስፈልገው ሰው የሚደርሱት ለጥቂቱ ብቻ እንደሆነ አራቪንድ ራሱ አጣርቶ ደረሰበት። ከ2004 ጀምሮ በትንንሽ ከተሞች የዓይን ጣቢያዎች ከፈተ። እዚያ የሠለጠነች ባለሙያ ትመረምራለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ሐኪሙም ከሆስፒታሉ ሆኖ በቪዲዮ ታካሚውን ያናግራል። በጅምሩ መስመሩን የዘረጉት ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ረጅም ርቀት በሚሄድ ዋይፋይ ነበር። ዛሬ ጣቢያዎቹ ከ100 በላይ ናቸው። አብዛኛው ታካሚ መነጽርም ምክርም አግኝቶ እዚያው ያልቅለታል።

ከመሥራቹ በኋላ

ዶክተር ቪ በ2006 አረፉ። ብዙ ድርጅት መሥራቹ ሲሄድ ይፈርሳል፣ አራቪንድ ግን ቀጠለ። ዶክተር ናምፔሩማልሳሚ መሩት፣ ከእሳቸው በኋላም ኃላፊነቱ ለተከታዩ ትውልድ ተላለፈ። ቱላሲራጅ የተባሉት የአስተዳደር ሰው ሐኪም ሳይሆኑ ለአሥርተ ዓመታት የሥርዓቱ አእምሮ ነበሩ። በ1992 የተቋቋመው ላይኮ የተባለው የሥልጠና ተቋም ይህንኑ አሠራር ለሌሎች አገሮች ሆስፒታሎች ያስተምራል። ለሚወዳደሩት ሁሉ ምስጢሩን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ድርጅት እምብዛም አይገኝም። ሃርቫርድም ከ1993 ጀምሮ ለንግድ ሥራ ተማሪዎች ያስተምረዋል።

ነቀፋም አለ። አመራሩ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነበር። ሥራው ከባድ ነው፤ በግል ሆስፒታል የተሻለ ገንዘብ የሚያገኙ ሐኪሞችም ይለቃሉ። ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህ ዘዴ ለስኳር ወይም ለካንሰር ይሠራል? የሞራ ኦፕራሲዮን በደቂቃዎች ያልቃል፣ ስኳር ግን ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል። አራቪንድን እንደ ቀመር ይዞ ለሁሉም በሽታ ማዋል የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ይህን ልዩነት ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ለእኛ አገር

በ2006 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዕውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ስፔሻሊስቶቻችን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ይገኛሉ። ከኔፓል የተነሳው የሂማሊያ ካታራክት ፕሮጀክት ከአገራችን ሐኪሞች ጋር በዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው አክሟል። እሱም የሚጠቀመው ውድ ማሽን የማይፈልገውን፣ በትንሽ ቀዳዳ ያለ ስፌት የሚሠራውን ዘዴ ነው፤ አራቪንድም ለነፃ ታካሚዎቹ በብዛት የሚሠራበት ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ የራሷ ጅምርም አላት። ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን የሞራ ኦፕራሲዮን እንዲሠሩ ታሠለጥናለች። የዓይን ነርሶች በየክልሉ አሉ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ኦፕቶሜትሪስቶች (እይታ የሚመረምሩና መነጽር የሚያዙ ባለሙያዎች) ያስመርቃል። እነዚህ ባለሙያዎች ወደ ሥራ ቦታቸው ሲመለሱ ሌንስ፣ የሚሠራ ማይክሮስኮፕና ታካሚ የሚያመላልስ መኪና ማግኘት አለባቸው። ይህን የሚያሟላላቸው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ነው።