«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል»

ምሳሌው የወጣው ከጓዳ ነው። ቅል ፍሬው ከውስጡ ወጥቶ፣ ደርቆና ታጥኖ የወተትና የውሃ መያዣ ይሆናል። ሲያነሱት ቀላል ነው፤ ከእጅ ካመለጠ ይሰነጠቃል። ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ የትኛው እንደሚሰበር ልጅም ያውቃል። አነጋገሩ ይህንን ይገለብጠዋል፤ የገለበጠው ጊዜ ነው፤ ቅሉ ያው ቅል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው በምሬት ነው። ትናንት ደጅ ሲጠና የነበረው ሰው ዛሬ ወንበር ይዞ የትልቁን ሰው ጉዳይ ሲያጓትት፣ ባለጉዳዩ «ምን ይደረግ፣ ጊዜ የሰጠው ቅል…» ብሎ ይጀምርና ሳይጨርሰው ይተወዋል። እኔ ግን ምሳሌውን ለድንጋዩ ብቻ መተው አልወድም። የቅሉን ወገን ሳስብ የሚመጣብኝ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው «ጋምፔራሊያ» የተሰኘው የስሪላንካ፣ የሲንሃላ ቋንቋ ፊልም ነው።

ታሪኩ ከማርቲን ዊክረማሲንገ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በደቡብ ስሪላንካ መንደር፣ በአንድ የባላባት ቤት፣ ፒያል የሚባል ወጣት ናንዳን እንግሊዝኛ ያስተምራል። ይዋደዳሉ። ቤተሰቧ ግን ዘሩ አይመጥነንም ብሎ ይመልሰውና ለጂናዳሳ ይድራታል። ጂናዳሳ ዘር አለው፣ ገንዘብ የለውም፤ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ይቀራል። ፒያል ኮሎምቦ ገብቶ በንግድ ሲከብር የባላባቱ ቤት እያረጀ ይሄዳል። ጂናዳሳ ሞተ የሚል ወሬ ሲመጣ ናንዳ ያንኑ የተመለሰውን አስተማሪ ታገባለች። ድንጋዩ ተሰበረ። ፒያል ግን አላረፈም፤ የፊተኛው ባል ጥላ በመካከላቸው ቆሟል። ፊልሙን የምወደው ለዚህ ነው፤ ጊዜ የሰጠውን ሰው አያንቆለጳጵሰውም።

አሠራሩም ያንኑ ምሳሌ ያስታውሰኛል። በ1947 የመጀመሪያው ባለድምፅ የሲንሃላ ፊልም ሲሠራ የተቀረጸው ደቡብ ህንድ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ ዘፈኑም ጭፈራውም የህንዶቹን ተከትሎ ቀጠለ። የ«ጋምፔራሊያ» ዳይሬክተር ሌስተር ጄምስ ፒሪስ ከመንግሥት የፊልም ክፍል ወጥተው ከካሜራ ባለሙያው ከዊልያም ብሌክ ጋር በ1956 «ሬካቫ» የተባለውን ፊልም ከስቱዲዮ ውጭ ቀረጹ። ፊልሙ በማግስቱ ዓመት ካን ፌስቲቫል ደረሰ፤ አገር ቤት ግን ገቢ አላገኘም። ጊዜው ገና አልሰጣቸውም ነበር።

ለ«ጋምፔራሊያ» ስቱዲዮ አልተከራዩም። እውነተኛ ቤት ውስጥ፣ በእጅ በሚያዙ መብራቶች፣ ዘፈንና ጭፈራ ሳይጨምሩ ሠሩት። ናንዳን ፑንያ ሂንደኒያ፣ ፒያልን ሄንሪ ጃያሴና ተጫወቱ። ለሲንሃላ ሲኒማ ትልቅ ኮከብ ለጋሚኒ ፎንሴካ የተሰጠው ግን ያልተሳካለት ባል ጂናዳሳ ነው፤ ይህ ምርጫ እስካሁን ያስደንቀኛል። የፊልሙን ምስሎች ቆርጠው ያቀናበሩት በኋላ ራሳቸውም ታዋቂ ዳይሬክተር የሆኑት ሱሚትራ ናቸው። ናንዳ ዝም ብላ በምትቆምባቸው ቦታዎች ላይ ሳይቸኩሉ መቆየታቸው የእሳቸው ብልሃት ይመስለኛል፤ የተዋደዱት ሰዎች ስሜታቸውን አፍ አውጥተው ስለማይናገሩ ተመልካቹ ፊታቸውን ማንበብ አለበት።

በ1965 በኒው ዴልሂ የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ ህንዳዊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ በመሩት የዳኞች ጉባኤ ፊት፣ ያ ዘፈን የሌለው ፊልም በራሷ በህንድ ምድር የፌስቲቫሉን ዋና ሽልማት፣ ወርቃማውን ጣዎስ፣ አሸነፈ።