«ሺያትሱ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የማሳጅ ትራሶችና ወንበሮች ላይ «ሺያትሱ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። የማሽኑ ስም እንዳይመስላችሁ። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ «ሺ» ጣት፣ «አትሱ» ግፊት። በጣት መጫን ማለት ነው። ዋናው መሣሪያ የሰው አውራ ጣት ነው፤ ማሽኑ እሱን ለማስመሰል ይሞክራል።

ዘይት የለም፣ ልብስ ማውለቅም የለም። በተለመደው አሠራር ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ትተኛላችሁ። ባለሙያው በክንዱ ጉልበት ሳይሆን በሰውነቱ ክብደት ቀስ ብሎ ይጫናል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ይለቃል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ነጥብ።

ሙያውን በሰፊው ያስተዋወቀው ቶኩጂሮ ናሚኮሺ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ቶኪዮ ውስጥ ማሠልጠኛ ከፈተ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ በሙያው ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥቅሙስ? የደነደነ አንገትና ትከሻ ላላ ይላል፣ ጭንቀትም ቀለል ይላል። እዚያው እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ብዙ ነው። «በሽታ ይፈውሳል» የሚላችሁን ግን ጠርጥሩት፤ ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የለም። የደም መርጋት፣ ስብራት ወይም የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። የወለቀ ክንድ ይዛችሁም እንዳትሄዱ፤ ወጌሻ አይደለም።